“ጎግል ላይ አንደኛ አወጣዎታለሁ” ላለዎት ሰው ከመክፈልዎ በፊት

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ “ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቢሮ ያለኝ የቤት ደላላ ነኝ። ንግድ ፈቃድ አለኝ። 4,000 ያህል ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናልና የፌስቡክ ገጽም አለኝ። ሰሞኑን አንድ ወጣት መጥቶ 45,000 ብር ብከፍለው ድረ ገጽ ሠርቶ ‘ደሴ የሚሸጥ ቤት’ ተብሎ ሲፈለግ ጎግል ላይ አንደኛ እንደሚያወጣኝ ነገረኝ። እኔ በስልኬ የቢሮዬን ስም ስፈልግ አሁንም አንደኛ ነኝ፤ ሳዑዲ ያሉ ደንበኞቼ ግን ‘ፈልገን አጣንህ’ ይሉኛል። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? ኮምቦልቻም እሠራለሁና እዚያስ ለብቻው ልመዝገብ?”

ወንድሜ፣ ሳላንዛዛ ልመልስ፦ ለዚያ ቃል ብለው አንድ ብር አይክፈሉ። ድረ ገጽ መሥራት የሚከፈልበት ሙያ ነው፤ ልጁ በደንብ ከሠራው ዋጋውን ያግኝ። “አንደኛ አወጣዎታለሁ” የሚለው ግን የሰው ቤት ባለቤቱ ሳያውቅ እንደ መሸጥ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጎግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ለመጀመሪያው ደረጃ ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ተከፍሎበት ከላይ የሚቀመጠው ማስታወቂያ ብቻ ነው። እሱም ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ይወጣል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለውን ተራ ንቅንቅ አያደርገውም።

እርስዎ በስልክዎ አንደኛ ሆነው ደንበኞችዎ የሚያጡዎት ለምንድን ነው? የእርስዎ ስልክ ለባለቤቱ የሚያደላ ምስክር ስለሆነ ነው። ፒያሳ ቢሮዎ ውስጥ ተቀምጠው፣ ከዚህ በፊት ሃያ ጊዜ የከፈቱትን ገጽ፣ በገዛ ስምዎ ሲፈልጉ ሌላ ማን ሊወጣ ነው? ጎግል የፈላጊውን ቦታና የቀድሞ ፍለጋውን ይመለከታል። ጅዳ ያለችው እኅት ደግሞ የቢሮዎን ስም አታውቀውም። ብታውቀውማ ትደውልልዎት ነበር። እሷ የምትጽፈው “ደሴ የሚሸጥ ቤት” ብላ ነው፤ ስልኳ የአማርኛ ፊደል ከሌለው ደግሞ በላቲን ፊደል። ስለዚህ ራስዎን በራስዎ ስልክ አይፈትሹ። ጅዳ ላለ አንድ ዘመድ፣ አዲስ አበባ ላለ አንድ፣ ኮምቦልቻ ላለ አንድ ይደውሉና “የሚሸጥ ቤት፣ ደሴ” ብለው ፈልገው የስልካቸውን ገጽ ፎቶ እንዲልኩልዎት ያድርጉ። ትክክለኛው መልክዎ ያ ነው። ባዶ ቢሆን አብሽሩ፤ አብዛኛው የሙያ ባልደረባዎም ባዶ ነው፤ ለዚያም ነው ሜዳው ገና ክፍት የሆነው።

በካርታ ላይ ለሚወጡ የንግድ ቤቶች ጎግል የሚያመዛዝናቸው ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ይናገራል፦ ከተጠየቀው ጋር ያለዎት ዝምድና፣ ከፈላጊው ያለዎት ርቀት፣ የታወቁ መሆንዎ። ርቀቱን ምንም ማድረግ አይችሉም። በቀሩት ሁለቱ ላይ ግን እጅዎ አለ፤ ሁለቱም ከገንዘብ ይልቅ የሚጠይቁት ጽሕፈት ነው።

መጀመሪያ ነፃውን ይጨርሱ። ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል የሚባለው፣ ሰው ስምዎን ወይም ሥራዎን ሲፈልግ ከካርታ ጋር የሚወጣው ሰሌዳ፣ ክፍያ የለውም። ስም በሚለው ቦታ ታፔላዎ ላይ ያለውን ብቻ ይጻፉ። “ደሴ ቁጥር 1 ምርጥ የቤት ሽያጭና ኪራይ” የሚል ጅራት መቀጠል ደንብ መጣስ ነው፤ ተፎካካሪዎ አመልክቶብዎት ሊታገድ ይችላል። ምድቡን የሪል ስቴት ወኪል ያድርጉት። የካርታውን ምልክት በጣትዎ ጎትተው ልክ ከበርዎ ላይ ያሳርፉት፤ ከተማችን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር የምትገኝ ስላልሆነች ይህን ለማሽኑ ከተዉለት ደንበኛውን ሌላ ሰፈር ይወስደዋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ማረጋገጫው ላይ ነው። አሁን በአብዛኛው የሚጠየቀው ቪዲዮ ነው፤ ሳይቋረጥና ሳይቆረጥ በስልክ የሚቀረጽ። ከመንገዱ ይጀምሩ፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ሱቆች፣ የሚታወቅ ሕንፃ ካለ እሱን ያሳዩ። ከዚያ ወደ ታፔላዎ ይዙሩና ስሙ እስኪነበብ ቆም ይበሉ። በመቀጠል ቁልፉን ከኪስዎ አውጥተው በሩን ሲከፍቱ ይታይ፤ ቢሮው የእርስዎ መሆኑን ከብዙ ወረቀት በላይ የምትናገረው ያቺ ቁልፍ ናት። ገብተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ፣ ጠረጴዛውን፣ የሥራ ደብተሩን ያሳዩ። የሰው ፊትና የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንዳይገባ ይጠንቀቁ። አንድ ደንበኛዬ ሦስት ጊዜ ተመልሶበት ስናየው፣ ለካስ ቪዲዮውን የጀመረው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቢሮው ደሴ ይሁን ሌላ አገር የሚያሳይ አንድም ነገር አልነበረበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሚሸጠውን ቤት እንደ ንግድ ቤት ካርታው ላይ የሚመዘግቡ ደላሎች አይቻለሁ። አይፈቀድም፤ የሚመዘገበው የሽያጭ ወይም የኪራይ ቢሮ እንጂ ባዶው ቤት አይደለም።

የኮምቦልቻው ጥያቄዎም መልሱ ከዚሁ ጋር ነው። እዚያ ታፔላ ያለው፣ በሥራ ሰዓት ሰው የሚቀመጥበት ቢሮ ከሌለዎት ለብቻው አይመዝገቡ። የዘመድ ሱቅ አድራሻ መዋስ አንድ ቀን ተይዞ የደሴውንም ይዞት ይሄዳል። ይልቅ በደሴው ሰሌዳ ላይ የአገልግሎት ክልል የሚል ቦታ አለ፤ እስከ 20 አካባቢ መጻፍ ይቻላል፤ ኮምቦልቻን፣ ሐይቅን፣ ኩታበርን እዚያ ያስገቡ። ይህ ኮምቦልቻ ውስጥ ቆሞ ለሚፈልግ ሰው ከፊት ያወጣዎታል ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ ርቀቱ ርቀት ነው። የኮምቦልቻን ሰው የሚያመጣልዎት ስለ ኮምቦልቻ የሚጽፉት ነው።

ይህን ልጁ አልነገረዎትም። የፍለጋ ሞተር የሚፈልገው ቃል ነው። እርስዎ ደግሞ በቀን ውስጥ ብዙ ቃል ይናገራሉ፤ ሁሉም ስልክ ላይ ቀልጦ ይቀራል። “ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?” “መኪና በር ድረስ ይገባል?” “ካርታው በማን ስም ነው?” “ሊዝ ነው ነባር ይዞታ?” “ውጭ ሆኜ በውክልና መግዛት እችላለሁ?” ለአምስት ሰው በስልክ የመለሱትን፣ ማታ አንድ ጊዜ ጽፈው ቢያስቀምጡት ለስድስተኛው ሰው ጎግል ይመልስለታል፤ ሲመልስለትም የእርስዎን ስም ይዞ ነው።

በቻናሎች ላይ የማየው ማስታወቂያ እንዲህ ነው፦ “አስቸኳይ!!! የሚሸጥ ቤት!!! ደሴ!!! 200 ካሬ!!! ዋጋ በስልክ!!!” ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ ፎቶው ላይ በቀይ ተለጥፏል። ጩኸቱ ብዙ ነው፣ ወሬው የለም። የትኛው ሰፈር? ምን ዓይነት ቤት? ፎቶ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ደግሞ በጣት ነክተው አይደውሉበትም፤ ወረቀት ላይ መገልበጥ ይጠይቃል። ያንኑ ቤት እንዲህ አድርገው ይጻፉት፦

“ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ በ200 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ባለ 3 መኝታ የብሎኬት ቤት፣ ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ 2 ክፍል ሰርቪስ። ካርታው በሻጩ ስም፣ ከዕዳና እገዳ ነፃ። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለው። መኪና በር ድረስ ይገባል፤ የመጨረሻው 60 ሜትር ኮብልስቶን ዳገት ነው። በስተጀርባ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ አለው። ዋጋ 6.5 ሚሊዮን ብር፣ ድርድር አለው። መጎብኘት የሚቻለው ቅዳሜና እሑድ ነው።”

ቤቱም ዋጋውም ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ አጻጻፉን ይያዙልኝ። “ዳገት ነው” ማለቱ ደንበኛ ያሸሻል ብለው እንዳይሰጉ። የሚሸሸው መውጣት የማይችለው ነው፤ እሱ ደግሞ መጥቶም ይሸሻል፣ የእርስዎን ግማሽ ቀን ይዞ። ደሴ በጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተት በየጊዜው የሚያሰጋት ከተማ ናት። ስለ ድጋፍ ግንብና ስለ ጎርፍ መውረጃ ሳይጠየቅ የሚጽፍ ደላላ ሲያገኝ፣ ገዥው ቤቱን ሳያይ ሰውየውን ያምናል።

ዋጋን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር እንደማንስማማ እገምታለሁ። ደላላው ሁሉ “ዋጋ በስልክ” የሚለው ሰው እንዲደውል ነው። ይደውላልም፤ ግን ከሚደውለው ብዙው አቅሙ የማይደርስ ነው። አቅም ያለው ደግሞ፣ በተለይ ባሕር ማዶ ሆኖ በሌሊት የሚፈልገው፣ ዋጋ ያየበትን ሰው ይዞ ይቀራል። ሻጩ ቁርጥ ዋጋ እንዲወጣ ካልፈቀደ “ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን” ይበሉ። ይህም ካልተቻለ የሰፈሩን የካሬ ዋጋ ግምት በሰፈሩ ገጽ ላይ ያስቀምጡ።

ስለ ሰፈር ገጽ ካነሣሁ ዘንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ የኮምቦልቻ ደንበኛ አንድ ጽሑፍ ጻፍኩና የሰፈሩን ስም ብቻ እየቀየርኩ 22 ገጽ አደረግሁት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሰርች ኮንሶልን ስከፍት (ጎግል ስለ ድረ ገጽዎ የሚያየውን የሚያሳይ ነፃ መሣሪያ ነው) ሁሉም ማለት ይቻላል “ታይቷል፤ አልተመዘገበም” ይላሉ። እንዲህ ያለ ስም እየቀያየሩ የሚደረድሩት ገጽ በጎግል ደንብ እንደ ማጭበርበር የሚቆጠር ነው። ገንዘቡን መልሼ አራት ገጽ ብቻ ጻፍኩለት፤ እያንዳንዱን ሰፈሩ ድረስ ሄጄ። እነዚያ አራቱ ዛሬም ይወጣሉ።

ስለዚህ ሃያ ሰፈር አይዝሩ። በእግርዎ የሚያውቋቸውን አራት አምስት ይምረጡ፤ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ፣ ሮቢት፣ ገራዶ፣ እርስዎ የሚሻሉትን ያውቃሉ። በእያንዳንዱ ላይ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን ይጻፉ፦ በገበያ ቀን መኪና ማቆም ይቻል እንደሆነ፣ ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገኝ፣ በክረምት ጭቃው የት ላይ እንደሚያስቸግር፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ። ለኮምቦልቻ ደግሞ ጠያቂው ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ፣ ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ግቢ የተመደበ መምህር፣ ከሌላ ክልል ተዛውሮ የመጣ የባንክ ሠራተኛ፤ አብዛኛው ኪራይ ፈላጊ ነው። የእሱ ጥያቄ “ደሴ ተከራይቼ ልመላለስ ወይስ ኮምቦልቻ ልኑር?” የሚል ነው። ይህን አንድ ጥያቄ በቅጡ የሚመልስ ገጽ ይጻፉ፦ 25 ኪሎ ሜትር ያህሉ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በጭጋግ ቀን ምን እንደሚመስል፣ የትራንስፖርቱን የወር ወጪ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴና 1,850 ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ መካከል ያለውን የአየር ልዩነት፣ ብርድ የማይስማማቸው ወላጆች ላሉት ሰው የትኛው እንደሚሻል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አዲስ አበባ የተቀመጠ ትልቅ የቤት ሽያጭ ድረ ገጽ ከየት አምጥቶ ይጽፈዋል?

የፊደል ነገር የእኛው ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንዱ “ሐይቅ” ሲል ሌላው “ሃይቅ”፣ “ሀይቅ” ይላል፤ “ቧንቧ ውሃ”ም “ቧንቧ ውኃ” ይሆናል። ጎግል ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ያየዋል ብለው አይተማመኑ። በርዕሱ ላይ ሰው አብዝቶ የሚጽፈውን ይጠቀሙ፤ ሌላኛው አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ተፈጥሯዊ በሆነ ቦታ ይግባ። ሁሉንም በአንድ መስመር መደርደር ግን ያስቀጣል፤ ለዓይንም ያስቀይማል። በላቲን ፊደል ደሴን አንዱ በአንድ “ኤስ”፣ ሌላው በሁለት ይጽፋታል፤ ኮምቦልቻን አንዱ በ“ኬ”፣ ሌላው በ“ሲ” ይጀምራታል። ከአማርኛው ሥር አጭር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ቢያኖሩ ይህን ይሸፍንልዎታል። ኮምቦልቻ ስትሉ ደግሞ “ወሎ” የሚለውን አይርሱ፤ ምሥራቅ ሐረርጌም ኮምቦልቻ አለ፤ የእዚያን ቤት ፈላጊ ይዘው እንዳይመጡ፣ የእርስዎም ፈላጊ ወደዚያ እንዳይሄድ።

ቴሌግራሙን አይተዉት። እሱ የመጣውን ደንበኛ ማቆያ ነው፤ ጎግል ያላወቀዎትን ማምጫ። ቻናሉ ግን ለሁሉም ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ፤ በግብዣ ሊንክ ብቻ የሚገባበት ከሆነ ለፍለጋ ሞተር የተዘጋ በር ነው። በቴሌግራም ውስጥ ቻናል የሚፈለገው በስሙ ስለሆነ ስሙ ውስጥ “ደሴ” እና “ቤት” ይኑሩ። የፌስቡክ ጽሑፍ ደግሞ በጎግል ፍለጋ እምብዛም አይወጣም፤ ከሁለት ቀን በኋላም ይቀበራል። አንድ ቤት ሲመጣልዎት መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ ይጻፉት፤ ከዚያ ሊንኩን ቻናሉም ፌስቡኩም ላይ ይልቀቁ። ሲሸጥ “ተሸጧል” ብለው ምልክት ያድርጉበት እንጂ አያጥፉት፤ ከሥሩም ተመሳሳይ ቤት ያመልክቱ። ገጹ ላይ የተሸጠ ቤት የሚታይ ደላላ፣ መሸጥ የሚችል ደላላ ነው። ፎቶ ሲጭኑ መጠኑን ይቀንሱ፤ ከስልክ የወጣ 5 ሜጋባይት ፎቶ አሥር ሆኖ ሲጫን በካርድ ዳታ የሚከፍት ሰው ሳያይዎት ይሄዳል። እያንዳንዱን ወደ 200 ኪሎባይት ቢያወርዱት ዓይን ልዩነቱን አያየውም።

የቤቱን የይዞታ ካርታ ፎቶ ከነባለቤቱ ስም ለጥፈው አገር የሚያሳዩ አሉ። እባክዎን። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ከአዋጁም በፊት የሻጩ አደራ አለ። ያንን ፎቶ አንሥቶ በሌላ ስልክ ቁጥር ቀብድ የሚሰበስብ ሰውም አይጠፋም። ካርታውን ቢሮ ለመጣ ወይም ጉዳዩ ለበሰለ ገዥ ብቻ ያሳዩ። ገጹ ላይ “ካርታ አለው፣ በሻጩ ስም ነው” ይበቃል።

ለባሕር ማዶ ገዥ አንድ የተለየ ገጽ ይገባዋል። ሳዑዲ ያለችው በአብዛኛው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች ናት፤ አሜሪካ ያለው ግን ዜግነት ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መብት የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚነካው እሱን ነው። ውክልናው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተሰጥቶ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደሚረጋገጥ፣ ከዚያ የስም ዝውውሩ በከተማው እንዴት እንደሚሄድ በቅደም ተከተል ይጻፉ። ከመልቀቅዎ በፊት ጠበቃ አንድ ጊዜ ያንብበው።

አስተያየት ማሰባሰቡን በአጭሩ፦ ቁልፍ ያስረከቡትን ሰው ሁሉ፣ የተደሰተውንም ያኮረፈውንም፣ ሊንኩን ልከው ይጠይቁ። ስጦታ አይስጡ፣ ቅናሽ አይግቡ። የአጎት ልጆች በአንድ ማታ አሥር ባለአምስት ኮከብ ቢጽፉልዎት ሊጠፋ ይችላል፤ ባይጠፋም ደሴ ሰው ሰውን የሚያውቅባት ከተማ ናት። ክፉ የጻፈ ካለ በሁለት መስመር፣ በጨዋ ቃል ይመልሱለት፤ ያንን መልስ የሚያነበው ቀጣዩ ደንበኛ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ይመለሱ። ድረ ገጽ ያስፈልግዎታል፤ ምናልባትም እሱ ይሠራው ይሆናል። ሲመጣ ግን ስለ አንደኝነት አይጠይቁት። የድረ ገጹ ስም፣ ነጥብ ኮምም ይሁን ነጥብ ኢቲ፣ በማን ስም እንደሚመዘገብ ይጠይቁት፤ መልሱ “በእኔ” ከሆነ እዚያው ላይ ይቁም። የጎግል ሰሌዳውና የሰርች ኮንሶሉ ባለቤት በእርስዎ ኢሜይል እርስዎ፣ እሱ ረዳት ሆኖ ይግባ። የኮምቦልቻው ደንበኛዬ ከእኔ በፊት ከሠራለት ሰው ጋር ሲጣላ የአራት ዓመት ገጹን ይዞበት ሄዷል። ውጤቱ መቼ እንደሚታይም ይጠይቁት። “በ2 ሳምንት” ካለ አያውቀውም፤ የጎግል ሰዎች ራሳቸው የሚሉት በአብዛኛው ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት ነው። ክፍያውንም ይከፋፍሉት፤ ግማሹ ሲያስረክብ፣ ቀሪው ዘመድዎ ከጅዳ ገጹን በስልኩ ከፍቶ ሲያይ።

እስከዚያው ከዛሬ ጀምሮ የሚደውልልዎትን ሁሉ “የት አገኙኝ?” ብለው ደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ የጠየቁዎትንም ጥያቄ አጠገቡ። ወር ሲሞላ ያንን ደብተር ለልጁ ይስጡት፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ከእሱ ይጽፋል።